ጥንድ ያጣው ወታደር

ሀርላን ፍሪች የሞተው የናፖሊዮንን ጦር ከሞስኮ እያሸሸ ሳለ ነው። ቀኝ እጁ በረዶ ተብሎ የተነጠፈውን ነጭ ጨርቅ እንደጨበጠ፣ አፉ እንደተከፈተ፣ ከጠረጴዛው ሥር ተዘርሮ ተገኘ። ጣት የማያህሉ የብረት ፈረሰኞች ደረቱ ላይ ረግፈዋል። አንዱ ጆሮው ሥር ወድቆ ሰይፉን ወደ ኮርኒሱ ሰብቋል። ሰው በስልሳ ሦስት ዓመቱ እንዲህ ሆኖ ይሙት? ሞተ እንግዲህ፤ የሞተ ተጎዳ።

አምቡላንስ ተጠራ። እኛ የሚልበርን ከተማ ሰዎች የእሳት አደጋ ጣቢያችን ከተዘጋ አራት ዓመት ሆኖናል፤ የቀረልን ከላይ ያለው አዳራሽ ብቻ ነው፤ እሱም ለፀደይ ሊፈርስ ተፈርዶበታል። ስለዚህ አምቡላንሱ ከጎረቤት ከተማ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጅቶ መጣ። ሲደርስ የሚያደርገው ነገር አልነበረም። የመስታወት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ እዚህ አገር ሁሉም ነገር የሚደርሰው ካለፈ በኋላ ነው።

በዚያ አዳራሽ በየዓመቱ በየካቲት የታሪክ ጦርነት ጨዋታ ውድድር ይካሄዳል። ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በእጅ የተቀቡ ትንንሽ ወታደሮቻቸውን ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው በየተራ ያንቀሳቅሳሉ፣ በሜትር ይለካሉ፣ ባለ ስድስት ገጽ ዳዶ ጥለው ማን እንደሞተ ይወስናሉ። ድሮ ዘጠና ሰው ይመጣ ነበር። ዘንድሮ በሠላሳ አንደኛውና በመጨረሻው ውድድር የመጡት ከዳኛው ጋር አሥራ አራት ናቸው፤ አብዛኞቹም መነጽር ሳያደርጉ የራሳቸውን ጦር ከጠላት ጦር የማይለዩ ሽማግሌዎች።

የአውራጃዋ መርማሪ ኢሎና ኮቫች ጉልበቷ ስለሚያማት ደረጃውን እየተራገመች ወጣች። የመስታወት ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ሃምሳን አልፋለች፤ ሰው ሲያወራ ዓይኑን ሳይሆን እጁን ነው የምታየው።

«አስም ነው አለቃ» አለ ምክትል ሸሪፍ ሬይ ዶብስ፣ ገና ሳትደርስ። «በአፉ የሚስበውን መድኃኒት፣ ኢንሄለሩን፣ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ረስቶት፤ ካፖርቱ ደግሞ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ትንፋሽ ሲያጥረው አልደረሰበትም። ሐኪሙም አይቶታል።»

«ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?»

«እኔ ምን ቆርጦኝ! ያ አስተማሪው ነው የደወለው፤ ከሟቹ ጋር ሲጫወት የነበረው። ‹ሰው ነክቶታል› እያለ ድርቅ አለብኝ።»

የፍጻሜው ጨዋታ የሚካሄደው ከአዳራሹ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ ጫጫታ እንዳይረብሽ። ኮቫች እጇን ወደኋላ አጣምራ ጠረጴዛውን ሁለቴ ዞረችው። ሟቹ ሲወድቅ ጨርቁን ስለጎተተው በእሱ በኩል ያለው ሁሉ ተንጋልሏል፦ የፈረንሳይ መድፎች፣ የፈረንሳይ ፈረሰኞች፣ ሊወጓቸው የመጡ ሩሲያውያን። በጠረጴዛው ጫፍ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር የተጻፈባት ቀጭን ጣውላ አለች፤ ጨዋታው ስንተኛው ዙር ላይ እንደደረሰ የሚታወቀው በእሷ ነው። አምስት ቁጥር ላይ አንዲት ቀይ ዳዶ ተቀምጣለች፤ ወደላይ ያሳየችውም አምስት ነው።

ያ ሁሉ ጦር ተንጋልሎ ሳለ መሐል ላይ አንድ ጭፍራ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ካፖርታቸው የተቀዳደደ፣ ጺማቸው ላይ በረዶ የጋገረ፣ እግራቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ እግረኞች። ሁለት ሁለት ሆነው ቆመዋል፤ አንዱ ቁስለኛ፣ አንዱ ደጋፊ። ኮቫች ቆጠረች። ሃያ ሦስት ናቸው። ሃያ ሦስተኛው ክንዱን ዘርግቶ አየር ላይ ተደግፏል። አጠገቡ የአንድ ወታደር ቦታ ባዶ ተትቷል።

ቁስለኛውን በጭንቅላቱ ይዛ ብድግ አደረገችው።

«በመቆሚያው!» አለ ከበሩ አንድ ድምፅ፤ የታመመ ሰው የተነካ ያህል። «በመቆሚያው ያዢው ልጄ፤ ቀለሙ ይለቃል።»

የውድድሩ ዳኛ ኦቲስ ብራንዳው ነበር፤ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው፣ ከኮቫች አባት ጋር ሃያ ዓመት አንድ እቶን ፊት ቆሟል። አባቷ ሲቀበር ሣጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር።

«ይቅርታ ጋሽ ኦቲስ» አለችና በመቆሚያው ይዛ ገለበጠችው። ከሥሩ በመርፌ ጫፍ የተጫረች ትንሽ ምልክት አለች፤ ግማሽ ጨረቃ። አጠገቡ ያሉትን ሁለቱንም ገለበጠች፤ በሁለቱም ሥር አንድ ዓይነት መስቀል ተጭሯል። ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው።

አስተማሪው ዴዝመንድ ፓይክ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ ያስተምራል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«ስድስት ሰዓት ተኩል... ቆይ ተሳሳትኩ፤ ለሰባት አሥር ጉዳይ ነው የተመለስኩት። ምሳ የወጣነው ልክ በስድስት ነው። እሱ አይበላም፤ የሰው ምግብ ይጸየፋል። እዚሁ ቀረ።»

«ሰው ነክቶታል ያልከው ለምንድን ነው?»

ስልኩን አወጣ። «ጠረጴዛ ለቀን ስንወጣ ፎቶ እናነሳለን። የጋሽ ኦቲስ ሕግ ነው፤ ሆዱን ሞልቶ የተመለሰ ሰው ጦሩን ሁለት ጣት ወደፊት እንዳይገፋ። እዪው። ኢንሄለሩ የት ነው ያለው?»

አምስት ቁጥር ላይ። ሰማያዊው ኢንሄለር ጣውላዋ ላይ ቆሟል። ዳዶ የሚባል ነገር የለም።

«ሀርላን ዙሩን የሚቆጥረው በኢንሄለሩ ነበር» አለ ዴዝመንድ። «ምንጊዜም ከእጁ እንዳይርቅ። ዙር ባለፈ ቁጥር አንድ ወደፊት ይገፋዋል። ታዲያ እንዴት ካፖርቱ ኪስ ይገኛል? ክንፍ አወጣ?»

ኮቫች ፎቶውን አሰፋችው። ጨርቅ የተጠቀለለባቸው እግረኞች ያኔም ሃያ ሦስት ናቸው፤ ነገር ግን እንደ ገበያ ሰው ተደበላልቀው ነው የቆሙት። ቁስለኛ ከቁስለኛ፣ ደጋፊ ከደጋፊ። ከጠረጴዛው ጥግ ደግሞ አንዲት የመስታወት ብልቃጥ ትታያለች፤ ውስጧ የሆነ ነገር አለ። ኮቫች ቀና ብላ ፈለገቻት። ብልቃጧ አሁንም ጥጓ ላይ ነች። ከጥቂት ፈሳሽ በቀር ምንም የለባትም፤ ክዳኗ ተከፍቷል፤ ስታሸታት አፍንጫዋን ቆነጠጣት።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተሃል ይባላል።»

«ሌባ አለኝ! በሰው ሁሉ ፊት! ፈረሰኞችህን ግማሽ ኢንች ጨመርክ ብሎ። ሰደብኩት፤ አዎ። ከዚያ ወጥቼ በረዶ ላይ ቆሜ ሁለት ሲጋራ አጨስኩ። ብቻዬን። ምስክር ከፈለግሽ በረዶውን ጠይቂው።»

ዶብስ ኮቫችን በክርኗ ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት። «ይኸው! ጠብ አለ፣ ምስክር የለም። ካቴና ላግባለትና በአሥር ሰዓት ማረፊያ ቤት ነው።»

«አንተ ዶብስ፤ በአደጋ ሞተ ተብሎ ሊዘጋ የነበረን ነገር ራሱ ደውሎ ‹ኧረ ተገድሏል› የሚል ገዳይ አይተህ ታውቃለህ?»

«ጅል ገዳይ አይጠፋም።»

«ጅል መርማሪም አይጠፋም። እስከ አሥር ሰዓት ታገሠኝ።»

የሟቹ የወንድም ልጅ ትሬንት ሳይሞትም ሆነ ሲሞት አጎቱን ለማየት ወደ ክፍሉ አልገባም። አዳራሹ ውስጥ ሶኬት አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ሌላ ዘመድ የለም፤ ወራሹ እሱ ነው።

«እኔ ሹፌር ነኝ» አለ። «አጎቴ ዓይኑ ስለደከመ መንዳት ተከልክሏል። አሻንጉሊት ተሸክሜ መዞር እንግዲህ ሥራ ሆነልኝ።»

«ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ይቺ ሶኬት ብቻ ናት የምትሠራው፤ ለቅቄ ከተነሳሁ ሽማግሌዎቹ ይቀሙኛል።» ሦስት ሽማግሌዎች ይህንኑ እየተነጫነጩ አረጋገጡ።

«ብልቃጧ ውስጥ ምን ነበር?»

«ኦ፣ እሱ? አንዱ ወታደር። ሰኞ ክሊቭላንድ ላለ ሰው ልናደርስ ነበር፤ ሃያ አራቱን። ሰውየው ባዶ ብረት ነው የሚፈልገው፤ በራሱ ቀለም ሊቀባቸው። አጎቴ ጋራዥ ውስጥ አንድ ባልዲ ቀለም ማስለቀቂያ አዘጋጅቷል። አንዱን ለሙከራ ነክሮ ለሰው ላሳይ ብሎ ይዞ መጣ። ‹እንደ ቅቤ ነው የሚሟሟው› ሲል ነበር መንገዱን ሙሉ።»

ወደ አዳራሹ የሚያሳይ መስኮት ባለው ወጥ ቤት ውስጥ ጌይል የምትባል ሴት ቺሊ፣ የባቄላና የሥጋ ወጥ፣ የሠራችበትን ድስት ትፈገፍጋለች። ከሀርላን ጋር ስድስት ዓመት በትዳር ኖራለች፤ ከተፋቱ ሃያ ዓመት አልፏል።

«ልገድለው ብፈልግ ኖሮ በሰርጋችን ማግስት እገድለው ነበር» አለች ሳትጠየቅ። «ነገሩ ትኩስ ሳለ።»

«ማን ወጣ፣ ማን ገባ?»

«አሥራ አንዱ ተጫዋቾች እዚህ ፊቴ ተደርድረው ሲበሉ ነበር። አንዱም አልተነሳም፤ ጉልበቱ ያላቸው መሰለሽ? አስተማሪው ኮቱን ለብሶ ወጣ። ለኦቲስ እንደ ሁልጊዜው ቀድሜ ቀዳሁለት፤ ሳህኑን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ውጤት ወደሚጽፍበት የመዝገብ ጠረጴዛ ሄደ። አልበላልኝም! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀቅዬለት ዛሬ ገና አልበላልኝም። ሂጂ እዪው፤ ስቡ እንደ ሻማ ረግቶበታል። ግን አልተቀየምኩም። የዛሬው ቀን ለእሱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ምንድን ነው?»

ጌይል ድስቱን አስቀመጠች። «እነዚያ እግራቸውን በጨርቅ የጠቀለሉት ሃያ አራቱ እኮ የሎርና ናቸው። የኦቲስ የሚስቱ። ካንሰሩ አልጋ ላይ ካዋላት በኋላ ነው የቀባቻቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። እጇ እየተንቀጠቀጠ። አንድ ፊት ከሌላው አይመሳሰልም። ስትሞት ኦቲስ ቤት ውስጥ ሊያያቸው አልቻለም፤ ምግብ እንቢ አለው። ‹ውሰዳቸው፤ ብቻ በየዓመቱ ይዘህልኝ ና› ብሎ ለሀርላን ሰጠው። ዘጠኝ ዓመት ይኸው በዓመት አንድ ቀን ይመጣሉ። ኦቲስ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ሲያያቸው ይውላል። አይነካም፤ ዳኛ ጠረጴዛ አይነካም። ማታ ሀርላን ሳጥኑን ቆልፎ ይሄዳል።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ዘንድሮ አዳራሹም ሊፈርስ ነው። ከእንግዲህ የት ሊያያቸው ነው?»

«ሀርላን ሊያስለቅቃቸው እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ምን?» አለች ጌይል። «ቀለሙን? የሎርናን?»

ኮቫች ወደ መዝገብ ጠረጴዛው ስትሄድ አረማመዷ ዘገየ። ጉልበቷ ብቻ አልነበረም። ኦቲስ እርሳስ ይዞ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የረጋ ቺሊ።

«የፍጻሜውን ውጤት ምን ብዬ ልጻፍ ልጄ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ባዶ ትቼ አላውቅም።»

«ምሳ ሰዓት የት ነበሩ ጋሽ ኦቲስ?»

«እዚሁ። ምሳዬን እየበላሁ።»

ሳህኑን አየችው። እሱም ማየቷን አየ።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ኮቫች ዴዝመንድን፣ ትሬንትን፣ ጌይልንና ኦቲስን በጠባቧ ክፍል ጠረጴዛውን ከብበው እንዲቆሙ አደረገች። ሬሳው ተነስቷል። ዶብስ በሩ ላይ ካቴናውን እያንቃጨለ ቆሟል፤ ዴዝመንድ ዓይኑን ከካቴናው መንቀል አልቻለም።

«ባጭሩ ልናገር» አለች። «መጀመሪያ ኢንሄለሩ። ሀርላን ሊስበው የነበረው ትንፋሽ አምስት ቁጥር ላይ ነበር፤ ፎቶው ይመሰክራል። ከሞተ በኋላ አራት እርምጃ ርቆ ካፖርቱ ውስጥ ተገኘ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው መድኃኒቱን ካፖርቱ ውስጥ ከትቶ ለመሞት ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ሰው ወስዶበታል።»

«እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው!» አለ ዴዝመንድ።

«ዝም በል፤ ወደ አንተ እመጣለሁ። ሁለተኛ፣ ቀይዋ ዳዶ። ኢንሄለሩን ያነሳው ሰው በቦታው ዳዶ አስቀመጠ፤ አምስትን ወደላይ አድርጎ። ለምን? ማንም አላስገደደውም። ሰው ሞቶ እንኳ ጨዋታው ስንተኛው ዙር ላይ እንዳለ መጥፋት የለበትም የሚል ሰው ነው። ትሬንት፣ ይቺ ጣውላ ምንድን ናት?»

«ማስመሪያ አይደለችም እንዴ?»

«ጌይል?»

«እኔ የማውቀው ቆሻሻቸውን ነው።»

«አሥራ አንዱ ተጫዋቾች ጌይል ፊት ነበሩ። ስለዚህ ሁለት ሰው ቀረኝ።» ዶብስ አንድ እርምጃ ወደ ዴዝመንድ ተጠጋ። ኮቫች በእጇ አስቆመችው። «ሦስተኛ፣ እነዚህ። ሀርላን ሲወድቅ ጨርቁን ጎትቶ ዙሪያቸው ያለውን ሁሉ አንጋልሏል። እነሱም ወድቀው ነበር፤ እዩት፣ የዚህኛው ባርኔጣ ላይ የጨርቁ ክር ተይዟል። ከወደቁ በኋላ አንድ ሰው አንስቶ አቆማቸው። ዴዝመንድ ቢሆን የራሱን ያነሳ ነበር፤ የእሱ ሩሲያውያን ግን ይኸው እስካሁን በግንባራቸው ተደፍተዋል። ያ ሰው ከዚህ ሁሉ ጦር ሃያ ሦስቱን ብቻ ነው የመረጠው።»

ከታች የውኃ ቧንቧ ይጮኻል።

«አራተኛ፣ ሲያነሳቸው እንደነበሩ አላቆማቸውም። ፎቶው ላይ ተደበላልቀዋል። ሀርላን ዘጠኝ ዓመት ይዟቸው ማን የማን ጥንድ እንደሆነ አላወቀም። አሁን ግን እያንዳንዱ ቁስለኛ ከራሱ ደጋፊ ጋር ነው። ከሥራቸው ያለውን ምልክት አየሁት፤ አንድም አልተሳሳተም። ገልብጦ ለማየት ጊዜም አልነበረውም፤ በልቡ ነው የሚያውቃቸው። ለሃያ አራተኛው ደግሞ ቦታ ትቶለታል። ሃያ አራተኛው ብልቃጧ ውስጥ ነበር። አሁን የለም።» ወደ ዳኛው ዞረች። «ጋሽ ኦቲስ፣ የኪስዎን ያውጡልኝ።»

ኦቲስ አልተከራከረም። ከሰደርያው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ፈታው። አንዲት ነጠብጣብ ቀለም የሌለው፣ ግራጫ፣ ፊቱ ለስላሳ የሆነ ወታደር። በመቆሚያው ይዞ ባዶው ቦታ ላይ አቆመው። የቁስለኛው ክንድ ትከሻው ላይ ልክ አረፈ።

«ጠርቶ አሳየኝ» አለ ኦቲስ፣ ለማንም ሳይሆን ለወታደሮቹ። «ብልቃጧን ወደ ብርሃን አንስቶ ‹እንደ ቅቤ እኮ ነው› አለኝ። ፊቱን ፈለግሁት። ሎርና ለእሱ ቅንድቡ ላይ በረዶ አድርጋለት ነበር፤ አንድ ሳምንት ፈጅቶባታል፤ ብሩሹን በሁለት እጇ ይዛ። ፊት የለም። ቃል ገብተህልኝ አልነበረም ወይ አልኩት። ሳቀ። ሳቁ እንደ ልማዱ ሳል ሆነ። ኢንሄለሩን ሊያነሳ ሲዘረጋ እኔ ቀደምኩት።»

«ሊገድሉት አስበው?» አለች ኮቫች፤ አይደለም እንዲላት እየለመነች ያህል።

«ትንሽ ይጠብቅ አልኩ። ተናግሬ እስክጨርስ። ዘጠኝ ዓመት ያልተናገርኩት ነበረኝ። ተናግሬ ስጨርስ...» እጁን አየው። «ጨርቁን ጎትቶ ወደቀ፤ እነሱም ወደቁ። መሬት ላይ ሆኖ ያጣጥራል። እኔ እነሱን አነሳሁ። እሱን አይደለም፤ እነሱን። አንድ በአንድ። ካፖርቱና ዳዶው ከዚያ በኋላ ነው፤ እጄ ነው የሠራው፣ እኔ እንጃ።»

ጌይል አፏን በሽርጧ ይዛ ታለቅሳለች። ዴዝመንድ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ተደግፎ፣ «ጋሽ ኦቲስ፣ ቢነግሩኝ ምን ነበር? ሌባ አይደል የተባልኩት? ሰርቄ አመጣልዎት ነበር እኮ!» አለ።

«አምቡላንሱም ዘግይቷል» አለች ኮቫች በዝቅታ። «ሃያ ሁለት ደቂቃ...»

«ኢንሄለሩ እጄ ውስጥ ነበር ልጄ። በአምቡላንሱ አታሳብቢልኝ።»

«ዴዝመንድን ብናስረው ኖሮ ይናገሩ ነበር?»

ኦቲስ ወጣቱን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። «እናገር ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «አላውቅም።»

ከዚያ ቃል በኋላ ዴዝመንድ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«ይቅርታ» አለ ትሬንት፤ ስልኩን ኪሱ ከትቶ። «እና አሁን እነዚህ የማን ናቸው? የእኔ አይደሉም እንዴ? የክሊቭላንዱ ሰው ሰኞ ይጠብቃል።»

ጌይል በጥፊ ልትለው ስትል ዶብስ ያዛት። ኮቫች ለትሬንት አልመለሰችለትም። መመለስ ስለጠላች አይደለም፤ መልሱ አዎ ስለሆነ ነው። ኦቲስም ያን ጊዜ ገባው፤ ፊቱ ላይ ታየ። ሰው ገድሎ እንኳ አላዳናቸውም።

ኦቲስ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ልጠቅልላቸው አለ። ኮቫች ፈቀደችለት። አንድ ሰዓት ፈጀበት፤ ጥንድ ጥንዱን በመቆሚያው እያነሳ፣ ሳጥኑ ስፖንጅ ውስጥ ጎን ለጎን አስተኛቸው። ባዶ ብረቱን ወታደር ግን ከኪሱ የወጣ ማስረጃ ስለሆነ ዶብስ ለብቻው ፖስታ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ኦቲስ ሁለት እጁን አብሮ ዘረጋ።

አዳራሹ በሚያዝያ ፈረሰ። ኦቲስ ፍርድ ሳያይ በግንቦት በእስር ቤቱ ክሊኒክ ሞተ፤ ልቡ ነው ተባለ። ተከሳሽ ከሌለ ክስ የለም፤ መዝገቡ ተዘጋ። ንብረት ለባለቤቱ ይመለስ የሚለው ወረቀት ኮቫች ጠረጴዛ ላይ መጣ። አንድ ሳምንት መሳቢያዋ ውስጥ አቆየችው፤ ከዚያ ምን ታድርግ፣ ፈረመች። ትሬንት መጥቶ ሳጥኑን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ወጣ።

በሰኔ ክሊቭላንድ ደወለች። ገዢው ደስተኛ ሰው ነበር። «አሁንማ ብታያቸው!» አላት። «ያን ሁሉ ቡትቶ አስለቅቄ የሰልፍ ልብስ አለበስኳቸው። ሰማያዊና ወርቅ! ያን የቆየ ቀለም ማን እንደቀባው እንጃ፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር መሰለኝ። ብቻ አንድ ይጎድላል፤ የት እንደገባ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» ብላ ዘጋችው።

መዝገቡን ወደ ማከማቻ ከመላኳ በፊት ፖስታውን ከፍታ ጠረጴዛዋ ላይ አራገፈችው። ከሎርና ሃያ አራት ወታደሮች የቀረው ይሄ ነው፤ አንዲት የብሩሽ ምልክት እንኳ ያልቀረበት። ቁስለኛው ይደገፍበት የነበረው ትከሻው ባዶ ነው፤ ፊቱም ባዶ ነው። ትንሽ ካየችው በኋላ፣ የሚለቅ ቀለም ባይኖረውም፣ በመቆሚያው ይዛ ወደ ፖስታው መለሰችው።